የስዊች ፍላሽን ለመፈተሽ የቱ ትዕዛዝ ይሻላል?

አንድ ስዊች፣ ማለትም የቢሮ ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው የኔትወርክ ዕቃ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ሊሠራ ይችላል። የፖርቶቹ መብራት ይበራል፣ ኢንተርኔቱ ይሄዳል፣ የሚያማርር ሰው የለም። ፍላሹ (መብራት ቢጠፋም ፋይሎችን የሚይዘው ማከማቻ) ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ግን ከተበላሸ ወራት ሆኖት ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲስኮ ካታሊስት ስዊች ሲነሳ አይ ኦ ኤሱን፣ ማለትም የሚመራበትን ሶፍትዌር፣ ከፍላሽ ያነብና ራም (መብራት ሲጠፋ የሚደመሰሰው ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ይዘረጋዋል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ከራም ነው። በሥራ ላይ እያለ ፍላሹ ውስጥ ያለውን የአይ ኦ ኤስ ፋይል ብታጠፉት እንኳ ስዊቹ ሥራውን ይቀጥላል። ጉዱ የሚታየው መብራት ጠፍቶ የመጣ ቀን ነው። እኛ አገር ደግሞ ያ ቀን ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ «ስዊቹ ይሠራል፣ ፍላሹም ደህና ነው» የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ እንተወው። ፍላሽ የሚታወቀው ሲፈተሽ ነው። የመፈተሻ መንገዱ ግን አንድ አይደለም። አምስት ስድስት ትዕዛዝ አለ። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ያውቃል፣ እሱንም ለማይመልሰው ጥያቄ ይጠቀምበታል። እዚህ የማወዳድረው እነዚህን ትዕዛዞች ነው። ምሳሌዬ በብዛት ካታሊስት 2960 ነው፤ በየቢሮው የማገኘው እሱን ስለሆነ። 3560 እና 3750ም ብዙ አይለዩም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ትዕዛዞቹን የምጽፈው አፋችን ላይ እንዳሉት ነው። ኪቦርድ ላይ የሚገቡት እንደተለመደው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፍላሽ የሚለውን ስም ስትጽፉ ከኋላው ሁለት ነጥብ፣ ማለትም ኮለን፣ አትርሱ።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ

ፍላሽ ስንፈትሽ ከሦስት ነገሮች አንዱን ነው የምንጠይቀው። ቦታ አለ ወይ? ፋይሉ ትክክለኛውና ያልተበላሸው ፋይል ነው ወይ? ፋይሎቹን የያዘው ፋይል ሲስተም ራሱስ ጤነኛ ነው ወይ?

ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። መጽሐፍ ቤት አስቡ። መደርደሪያው ላይ ቦታ መኖሩ አንድ ነገር ነው። የምትፈልጉት መጽሐፍ ገጹ ሳይጎድል መገኘቱ ሌላ ነው። መጽሐፎቹ የተመዘገቡበት ማውጫ ትክክል መሆኑ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ማውጫውን አይቶ «መጽሐፉ ሙሉ ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል። «ዲር ፍላሽ» ብሎ «ሶፍትዌሩ ደህና ነው» የሚል ባለሙያም እንዲሁ።

ቦታውን ለማየት፦ «ሾው ፋይል ሲስተምስ»

ይህ ትዕዛዝ ስዊቹ የሚያውቃቸውን ፋይል ሲስተሞች በሙሉ በአንድ ሠንጠረዥ ያወጣል። ጠቅላላ መጠን፣ ነፃ ቦታ፣ ዓይነት፣ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ፣ ስም። ኮከብ ምልክት ያለበት መስመር ነባሪው ነው። ፍላሽ ብላችሁ ሳትጽፉ «ዲር» ብቻ ብትሉ የሚከፈተው እሱ ነው።

2960 ላይ ፍላሹ 32514048 ባይት፣ ኤን ቪ ራሙ (ለስዊቹ ቅንብር የተመደበው ክፍል) 65536 ባይት ብሎ ታገኙታላችሁ። ከእነሱ በታች መጠናቸው በሰረዝ የተተካ ብዙ መስመሮች አሉ። ቲ ኤፍ ቲ ፒ (በኔትወርክ)፣ ኤክስ ሞደም (በኮንሶል ኬብል) እና ሌሎችም። እነዚህ የማከማቻ ቦታ ሳይሆኑ ፋይል የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው በሮች ናቸው። አዲስ ጀማሪ ሰረዙን አይቶ መደንገጥ የለበትም።

ይህን ትዕዛዝ የምመርጠው የማላውቀው ስዊች ፊት ስቀመጥ ነው። ምን አለው? ዩኤስቢ ያነባል? ስታክ ውስጥ (እንደ አንድ ሆነው ከሚሠሩ ስዊቾች ጋር ተያይዞ) ነው? ፈቃዱ ለማንበብ ብቻ ነው? ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳያል። ፋይሎቹ ውስጥ ስላለው ነገር ግን ምንም አይልም።

«ዲር» ወይስ «ሾው ፍላሽ»?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። 2960 ላይ ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ሁለቱም የፋይል ዝርዝር ያወጣሉ። የቆዩ ራውተሮች ላይ ነበር «ሾው ፍላሽ» ስለ ቺፖቹ ጭምር የሚናገረው። እኔ «ዲር»ን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ይታዘዝልኛል። «ስላሽ ሪከርሲቭ» ብዬ ንዑስ ማውጫዎችን እስከ ታች አያለሁ። «ዲር ኦል ፋይልሲስተምስ» ብዬ ሁሉንም አንድ ላይ አወጣለሁ። ስታክ ላይም የፈለግኩትን ስዊች ፍላሽ በስሙ እጠራለሁ።

ዝርዝሩን ማንበብ ግን ራሱ ሙያ ነው። አንድ 2960 ላይ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የአይ ኦ ኤስ ፋይሉ 11607161 ባይት። ኮንፊግ ዶት ቴክስት (የስዊቹ ቅንብር) 1632። ፕራይቬት ኮንፊግ 1919። መልቲፕል ኤፍ ኤስ የሚባለው 13336። ቪላን ዶት ዳት (የቪላኖች፣ ማለትም ኔትወርኩ የሚከፈልባቸው ምናባዊ ክፍሎች፣ ዝርዝር) 616። ነፃ ቦታው 20886528።

እስኪ እንደምር። አምስቱ ፋይሎች አንድ ላይ 11624664 ባይት ናቸው። ከጠቅላላው ላይ ነፃውን ስንቀንስ ግን የተያዘው ቦታ 11627520 ነው። 2856 ባይት ይበልጣል። ይህ ጤነኛ ነው፤ ፋይል ሲስተሙ ቦታ የሚያድለው በቁርጥራጭ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፋይል ትንሽ ትራፊ ይተርፋል። ልዩነቱ በሺዎች ሳይሆን በሚሊዮኖች ከሆነ ግን ቆም በሉ። ወይ ንዑስ ማውጫ ውስጥ ያላያችሁት ፋይል አለ፣ ወይ ባለቤት ያጣ ቦታ አለ። መጀመሪያ «ሪከርሲቭ» ብላችሁ እዩ። እዚያም ካልተገኘ ኋላ ወደምነግራችሁ «ኤፍ ኤስ ሲ ኬ» እንሄዳለን።

ቀኑን ግን አትመኑት። 2960 በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲነሳ ራሱን ማርች 1 ቀን 1993 ላይ ያገኘዋል። ከኤን ቲ ፒ፣ ማለትም በኔትወርክ ሰዓት ከሚሰጠው አገልግሎት፣ ሰዓት ካላገኘ በዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ ፋይሉ ላይ 1993 የሚል ቀን ብታዩ ፋይሉ አረጀ ማለት አይደለም፣ ማንም ነካካው ማለትም አይደለም። ሲጻፍ ሰዓቱ አልተስተካከለም ነበር፣ በቃ።

ፓኬት ትሬሰር በሚባለው የኔትወርክ ማስመሰያ ሶፍትዌር ላይ የምትለማመዱ ተማሪዎችም አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ያለው 2960 ፍላሹን 64016384 ባይት ይለዋል። እውነተኛው ዕቃ ላይ ስትቀመጡ ቁጥሩ ግማሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ግማሹ ቺፕ አልተበላሸም፤ መጀመሪያውኑ ያለው እሱ ነው።

«ዲር» ምን አይመልስም? የፋይሉ ይዘት ትክክል መሆኑን። መጠኑ ባይት በባይት አንድ ሆኖ ውስጡ የተበላሸ ፋይል አለ። ይህን በቅርበት አውቀዋለሁ።

«ቬሪፋይ»፦ ከሁሉም በላይ የምወደው

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለ 16 ሜጋ ፍላሽ 3560 አፕግሬድ አደረግኩ። ፍላሹ 15998976 ባይት ነው። አዲሱ ፋይል 12 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነበር። ሁለቱ አብረው ስለማይገቡ አሮጌውን አጠፋሁ። አዲሱ ከእጅ እጅ ሲዞር በነበረ ዩኤስቢ ነው የደረሰኝ። በቲ ኤፍ ቲ ፒ አስገባሁት። «ዲር» አልኩ፣ መጠኑ ልክ ነው። «ሪሎድ» አልኩ፣ እንደገና እንዲነሳ።

ስዊቹ አልተነሳም። ኮንሶሉ (በኬብል ከላፕቶፕ ጋር የሚያያዘው የስዊቹ መቆጣጠሪያ) ላይ «ባድ ኤምዚፕ ፋይል» የሚል መልእክት መጣና ቡት ሎደሩ፣ ማለትም አይ ኦ ኤሱን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ላይ ቆመ። ፋይሉ ላፕቶፔ ላይ ሳለ ነው የተበላሸው። ስዊቹ የተሰጠውን በታማኝነት ገልብጧል። አሮጌው የለም። ቡት ሎደር ላይ ደግሞ ኔትወርክ ስላልነበረኝ የቀረኝ በኮንሶል ኬብል በኤክስ ሞደም መላክ ብቻ ነበር። በ9600 ፍጥነት በሰከንድ 960 ባይት ገደማ ነው የሚያልፈው። 12 ሚሊዮንን ለ960 አካፍሉት፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል አይተናነስም። አንድ ፎቅ ሙሉ ሰው ያለ ኔትወርክ ጠበቀ።

ያን ቀን ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው ቡት ሎደሩ ላይ «ሴት ቦድ 115200» ብሎ ፍጥነቱን ማሳደግ እንደሚቻል ነው። ፑቲ (ላፕቶፕ ላይ ኮንሶሉን የሚከፍተው ፕሮግራም) ላይም ፍጥነቱን እኩል ስታደርጉት ሦስት ሰዓት ተኩሉ ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። ሲጨርስ ወደ 9600 መመለስ አይረሳ።

ሁለተኛውና ዋናው «ቬሪፋይ ስላሽ ኤምዲ 5» ነው። ይህ ትዕዛዝ ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል። እያነበበ ነጥብ ነጥብ ይደረድራል። መጨረሻ ላይ 32 ፊደልና ቁጥር ያለው ሃሽ ያወጣል፤ የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት። ሲስኮ በማውረጃ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ፋይል ትክክለኛውን ሃሽ ያስቀምጣል። ሁለቱ ከተመሳሰሉ ፋይሉ ሙሉ ነው። አንዲት ባይት ከተለየች ሃሹ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በዓይን ማወዳደር ከደከማችሁ የተጠበቀውን ሃሽ ከትዕዛዙ መጨረሻ ላይ ለጥፉት፤ ስዊቹ ራሱ አወዳድሮ ይነግራችኋል።

«ስላሽ ኤምዲ 5» ሳትሉ «ቬሪፋይ» ብቻ ብትሉስ? ያኔ የሚያወዳድረው ፋይሉ ውስጥ ራሱ ከተቀመጠው ሃሽ ጋር ነው። በወጉ ለመረመረ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ምርጫው ግን ግልጽ ነው ባይ ነኝ። የውጭ ምስክር ካላችሁ፣ ማለትም ከሲስኮ ገጽ ላይ የወሰዳችሁት ሃሽ ካለ፣ ባለ ኤምዲ 5ቱን ተጠቀሙ። ሃሹ በእጃችሁ ከሌለ ባዶው «ቬሪፋይ» ከምንም ይሻላል።

ኤምዲ 5 ሲገለበጥ የተበላሸ ፋይልን ለመያዝ በቂ ነው። ሆን ብሎ ፋይል የሚያጭበረብርን ሰው ለመከላከል ግን ደካማ ነው። ለዚያ ሲስኮ የኤስ ኤች ኤ 512 ሃሽም ያወጣል። ይህን ላፕቶፕ ላይ፣ ፋይሉ ወደ ስዊቹ ከመግባቱ በፊት አረጋግጡ። ዊንዶውስ ላይ «ሰርትዩቲል» የሚባለው ትዕዛዝ ይሠራዋል። ያን ቀን ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ የተበላሸው ፋይል ከላፕቶፔ አይወጣም ነበር።

አንዳንድ የአይ ኦ ኤስ ስሪቶች «ኮፒ ስላሽ ቬሪፋይ» አላቸው፤ ፋይሉን ሲገለብጡ ወዲያው ይመረምሩታል። ካለ ተጠቀሙበት። ከሌለም ከግልበጣ በኋላ ራሳችሁ አድርጉት። ጊዜ አይፈጅም፣ ኔትወርክ አያቋርጥም፣ ፍላሹ ላይ ምንም አይጽፍም። ከሁሉም ምርመራዎች ጥቅሙ ከድካሙ እጅግ የሚበልጠው እሱ ነው።

የማይመልሰው ጥያቄ አለ ወይ? አለ። «ቬሪፋይ» አንድ ፋይል ነው የሚያየው። የቀረው ፍላሽ ውስጥ ምን እንዳለ አይነግራችሁም።

«ኤፍ ኤስ ሲ ኬ»፦ ከአይ ኦ ኤስ ወይስ ከቡት ሎደር?

ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ነው የሚመለሰው። «ኤፍ ኤስ ሲ ኬ» የፋይል ሲስተሙን ማውጫ ከእውነተኛው ይዘት ጋር ያስተያያል። ውጤቱ አጭር ነው። ስንት ፋይል፣ ስንት ማውጫ፣ ስንት «ኦርፋንድ» ፋይል፣ ስንት «ኦርፋንድ» ማውጫ። ከዚያ ጠቅላላ፣ የተያዘና ነፃ ባይት። በመጨረሻም ስንት ሰከንድ እንደፈጀ።

«ኦርፋንድ» ማለት ወላጅ አልባ ነው። ፍላሹ ላይ ቦታ ይዟል፣ ማውጫው ውስጥ ግን ስም የለውም። ይህ የሚፈጠርበት አንዱ መንገድ ስዊቹ እየጻፈ ሳለ መብራት መጥፋቱ ነው። «ራይት ሜሞሪ» ብላችሁ ኮንፊጉ እየተቀመጠ ሳለ፣ ወይም አዲስ አይ ኦ ኤስ እየገባ ሳለ። ሁለቱ ቁጥሮች ዜሮ ከሆኑ ማውጫው ጤነኛ ነው።

ይህን ምርመራ በሁለት ቦታ ማካሄድ ይቻላል። ንጽጽሩ በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ስዊቹ ተነስቶ እየሠራ፣ ከአይ ኦ ኤስ ውስጥ ነው። «ኤፍ ኤስ ሲ ኬ ፍላሽ» ስትሉ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል ነግሮ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ጥቅሙ ስዊቹን ማጥፋት አለማስፈለጉ ነው። ያም ሆኖ እኔ በሥራ ሰዓት አልነካውም። ማውጫ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ትዕዛዝ ነው። ባክአፕ ሳይወሰድ መጀመር የለበትም።

ሁለተኛው ከቡት ሎደር ነው። ስዊቹን ከኃይል ትነቅላላችሁ፣ «ሞድ» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ መልሳችሁ ትሰካላችሁ። «ስዊች» የሚል መጠበቂያ መስመር ሲመጣ «ፍላሽ ኢኒት» ትላላችሁ፣ ፍላሹ ይከፈታል። ከዚያ «ኤፍ ኤስ ሲ ኬ»ን በሁለት ዓይነት ማስኬድ ትችላላችሁ። «ሰረዝ ኤፍ» ፈጣኑ ነው፤ ፋይሎቹን ያስተያያል፣ የየሴክተሩን የሲ አር ሲ ድምር (ስህተት መለያ ቁጥር) ግን ይዘላል። «ሰረዝ ቴስት» ጥልቁ ነው፤ ፋይል ሲስተሙ ያረፈበትን እያንዳንዱን ባይት ይፈትሻል። መረጃ ሳያጠፋ።

ይህ የመጨረሻው ነው ቺፑን ራሱን የሚጠይቀው። ፍላሽ ቺፕ ዕድሜ አለው፤ ተጽፎ ተደምስሶ የሚያልቅ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ያየናቸው ትዕዛዞች በሙሉ በፋይልና በማውጫ ደረጃ የሚሠሩ ናቸው። ቺፑ አርጅቷል ብላችሁ የምትጠረጥሩ ከሆነ ከ«ሰረዝ ቴስት» ሌላ አማራጭ አትፈልጉ።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። በምርመራው ጊዜ ሁሉ ስዊቹ አንድም ፓኬት አያሳልፍም። ከጀመራችሁት ደግሞ ማቋረጫው ኃይሉን መንቀል ብቻ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ ላይ ካልሆናችሁ አትጀምሩት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሲወጣ፣ ለሁሉም ተነግሮ የሚሠራ ሥራ ነው።

በነፃ የሚገኝ ሦስተኛ መንገድም አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ስዊቹ ሁልጊዜ ሲነሳ ፍላሹን በአጭሩ ያያል። ውጤቱንም ኮንሶሉ ላይ ያትማል፤ የወላጅ አልባ ፋይሎችን ቁጥር ጨምሮ። በኤስ ኤስ ኤች፣ ማለትም በርቀት በኔትወርክ፣ ለሚሠራ ሰው ይህ አይታይም። ስለዚህ በፕሮግራም ሪሎድ የምታደርጉ ከሆነ ኮንሶል ኬብል ሰክታችሁ፣ ፑቲ ላይ ሎግ ከፍታችሁ ጠብቁ። ያለ ተጨማሪ ድካም ፈጣኑን ምርመራ አገኛችሁ ማለት ነው። «ፋይልሲስተም ቼክ ኢንተራፕትድ» የሚል መስመር ካያችሁ ፍላሹን በቁም ነገር መመርመር ግድ ነው።

ፎርማት

«ፎርማት ፍላሽ» ምርመራ አይደለም፤ አይ ኦ ኤሱን፣ ኮንፊጉንና ቪላን ዶት ዳትን አንድ ላይ ይጠርጋል። የሚመረጠው «ኤፍ ኤስ ሲ ኬ» ችግሩን ማስተካከል ሲያቅተው ብቻ ነው። ስዊቹ ገና እየሠራ ሳለ ካደረጋችሁት አንድ ዕድል አላችሁ። አይ ኦ ኤሱ ራም ላይ ስላለ ኔትወርኩ አይሞትም። ሪሎድ ሳታደርጉ አዲሱን ፋይል አስገቡ፣ «ቬሪፋይ» በሉ፣ ኮንፊጉንም መልሳችሁ ጻፉ። በስህተት አይ ኦ ኤሱን «ዲሊት» ላደረገ ሰውም ምክሩ ያው ነው። 2960 ላይ የጠፋን ፋይል የሚመልስ ትዕዛዝ የለም፤ ግን ስዊቹ እስካልጠፋ ድረስ ጊዜ አላችሁ።

ባክአፕ ስል የቱ ነው? ከፍላሹ ላይ ኮንፊግ ዶት ቴክስት፣ ቪላን ዶት ዳት እና ፕራይቬት ኮንፊግ። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። ቪላን ዶት ዳት ደግሞ ኮንፊጉ ውስጥ የሌሉ ቪላኖችን ሊይዝ ይችላል። እሱ ጠፍቶ ኮንፊጉ ብቻ ቢመለስ ፖርቶቹ የሌለ ቪላን ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ።

ስታክ ካላችሁና አዲሱ ትውልድ ላይ ከሆናችሁ

3750 ስታክ ላይ «ዲር ፍላሽ» የሚያሳየው የማስተሩን፣ ማለትም ስታኩን የሚመራውን ስዊች፣ ፍላሽ ብቻ ነው። ሌሎቹ አባላት የየራሳቸው አላቸው። «ዲር ፍላሽ 2»፣ «ዲር ፍላሽ 3» እያላችሁ አንድ በአንድ እዩ። ማስተሩ ሲወድቅ የሚተካው አባል ነውና የእሱም ፍላሽ ያንኑ ያህል ያሳስባል። «ቬሪፋይ»ንም ለእያንዳንዱ አድርጉ።

ካታሊስት 9300 ላይ ነገሩ ይለወጣል። ፍላሹ 16 ጊጋ ነው፤ የቦታ ጭንቀት የለም ማለት ይቻላል። አይ ኦ ኤስ ኤክስ ኢ (የአዲሱ ትውልድ አይ ኦ ኤስ) በኢንስቶል ሞድ ሲጫን አንዱ ትልቅ ፋይል ወደ ብዙ ፓኬጆች ይፈታል። ስዊቹ የሚነሳውም ፓኬጅስ ዶት ኮንፍ ከሚባለው ዝርዝር ነው። ስለዚህ እዚህ ከ«ዲር» ይልቅ «ሾው ኢንስቶል ሰመሪ» ይሻላል፤ የትኛው ስሪት እንደጸና ይነግራችኋል። «ቬሪፋይ» እንዳለ ነው፤ ከመጫናችሁ በፊት ትልቁን ፋይል መርምሩ። አሮጌ ፓኬጅ ሲከማች ግን በእጃችሁ አታጥፉ። አንዱን በስህተት ብታጠፉት ስዊቹ አይነሳም። «ኢንስቶል ሪሙቭ ኢንአክቲቭ» የማያስፈልገውን ራሱ ለይቶ፣ ዝርዝሩን አሳይቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚያጠፋው።

ጁኒፐር ኢ ኤክስ ላላቸው አንድ ቃል። ጁኖስ መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋይል ሲስተሙ በቀላሉ ይጎዳል፤ ለዚህም ነው ሁለት የመነሻ ክፍልፍል የተሰጠው። ስትገቡ ከባክአፕ ኢሜጅ ተነሥቻለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ዋናው ክፍልፍል ተበላሽቷል ማለት ነው። ስዊቹ መሥራቱ አያዘናጋችሁ፤ የቀራችሁ አንድ ብቻ ነው። ኤችፒ ፕሮከርቭ ላይ ደግሞ «ሾው ፍላሽ» የሚያሳየው የፋይል ዝርዝር ሳይሆን ፕራይመሪና ሰከንደሪ የሚባሉትን ሁለት ኢሜጆች ነው።

እንግዲህ የቱን ልምረጥ?

ያገለገለ ስዊች ለላብ ልምምድ የምትገዙ ከሆነ ከቡት ሎደሩ «ሰረዝ ቴስት» ጀምሩ። ገና ማንም ስላልተሰካበት የሚቋረጥ ነገር የለም። ቺፑን የማየት የመጨረሻ ምቹ ዕድላችሁ እሱ ነው። ከዚያ አስነሱትና «ቬሪፋይ» በሉ፤ ከማን እጅ እንደመጣ የማይታወቅ አይ ኦ ኤስ ነውና። ሻጩ ፊት ይህን ማድረግ ባትችሉ እንኳ ኮንሶል ሰክታችሁ ሲነሳ የሚያትመውን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

አፕግሬድ ልታደርጉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ «ሾው ፋይል ሲስተምስ»፣ ባክአፕ፣ ግልበጣ፣ «ቬሪፋይ ስላሽ ኤምዲ 5»፣ «ሾው ቡት» ነው። የመጨረሻው ስዊቹ በሚቀጥለው ጊዜ ከየትኛው ፋይል እንደሚነሳ ያሳያል። ፋይሉ ትክክል ሆኖ የመነሻ ስሙ በአንድ ፊደል ቢሳሳት ያው ቡት ሎደር ላይ ልትቆሙ ትችላላችሁ። ቦታ ካለ አሮጌውን አታጥፉ። ባለ 32 ሜጋው 2960 ላይ ሁለቱ አብረው ይገባሉ፤ ባለ 16 ሜጋው 3560 ላይ ብዙ ጊዜ አይገቡም። ካልገቡ አሮጌውን ከማጥፋታችሁ በፊት የአዲሱን ሃሽ ላፕቶፕ ላይ አረጋግጡ። የአሮጌውንም ቅጂ አስቀሩ።

መብራት ደጋግሞ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ያለ ስዊች ከሆነ በየሦስት ወሩ የአይ ኦ ኤሱን «ቬሪፋይ» አድርጉና ውጤቱን ከነቀኑ ጻፉት። በርቀት፣ በሥራ ሰዓት፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። ሃሹ ከባለፈው ከተለየ ያን ዕለት ማታ ሪሎድ እንዳታደርጉ። ጤነኛውን ፋይል መልሳችሁ አስገቡ፣ እንደገና «ቬሪፋይ» በሉ፣ ከዚያ ነው «ኤፍ ኤስ ሲ ኬ» የሚመጣው። ሃሹ በሁለተኛው ጊዜም ከተለየ ቺፑ እያለቀ ነው፤ ስዊቹ ቆሞ ሳለ ተተኪውን ፈልጉ።